ጎርፍ የሚናፈቅበት ምድር

ጎርፍ ሲባል እኛ ከተሜዎች የምናስበው ጥፋትን ነው። በታችኛው ኦሞ ሸለቆ ግን ጎርፍ እህል ነበር። ሙርሲ፣ ቦዲ፣ ካሮ፣ ኛንጋቶምና ዳሰነች ለትውልዶች የኖሩት በዚሁ ነው። በክረምት በደጋው የዘነበው ዝናብ ኦሞን ይሞላዋል፤ ወንዙ ከዳርቻው ወጥቶ ደለል ያለብሳል፤ በመስከረምና በጥቅምት ሲጎድል በእርጥቡ መሬት ላይ ማሽላ ይዘራል። ማዳበሪያም ቦይም አያሻም። ዝናብ ሲከዳ ከብት አርቢውን ከረሃብ የሚያተርፈው ይኸው ማሽላ ነበር።

የግልገል ጊቤ 3 ግድብ ሥራ በ1998 ዓ.ም. ተጀመረ። በ2003 ዓ.ም. ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ጂንካ ላይ የሸለቆውን የስኳር ልማት አበሰሩ። በግድቡ የተፅዕኖ ጥናት በየዓመቱ ሰው ሠራሽ ጎርፍ እንደሚለቀቅ ተጽፎ ነበር። ውኃው መታገድ በጀመረበት በ2007 ዓ.ም. ግን የለመዱት ጎርፍ ቀረ፤ ባለማሽላውም የእርዳታ እህል ጠባቂ ሆነ።

እኔ የመብራት ጠላት አይደለሁም፤ ይህንንም የምጽፈው በመብራት ነው። የምቃወመው መሬታችንን አንለቅም ያሉትን «ኋላ ቀር» ብሎ ማለፍን ነው። የወንዝን አመል አጥንቶ ያለ ግድብ ማረስ ዕውቀት ካልሆነ፣ እኛ በዩኒቨርሲቲ የምናስተምረው ምንድን ነው?

ሸለቆው በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በጥንታዊ ሰው ቅሪተ አካል ምክንያት ነው። ለአጥንት የሰጠነውን ክብር በሕይወት ላሉት ስለምን ነፈግናቸው?