የእግር ደም መልስ በልብ ላይ

አርጀንቲናዊው ሐኪም ሬኔ ፋቫሎሮ በአገሩ ገጠር 12 ዓመት ያህል ካገለገለ በኋላ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ፣ በ1967 በክሊቭላንድ ክሊኒክ ከታማሚ እግር የወሰደውን ደም መልስ በተደፈነ የልብ ደም ቅዳ ምትክ ሰፋ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ደም መልስን በደም ቅዳ ቦታ መስፋት በራሱ አዲስ አልነበረም፤ አሌክሲስ ካረል በክፍለ ዘመኑ መባቻ በእንስሳት ላይ ሞክሮታል። ፋቫሎሮ ግን ሙከራውን የዘወትር ሕክምና እንዲሆን አበቃው።

ይሁን እንጂ ደም መልስ የተፈጠረው ለዝግተኛና ግፊቱ አነስተኛ ለሆነ ፍሰት ነው። በልብ ምት ኃይል ሌት ተቀን ሲመታ ግድግዳው ይወፍራል፤ ስብ ይቋጥራል፤ አንዳንዴም ላልቶ እንደ ፊኛ ይነፋል። ይህ አኒዩሪዝም የተባለው እብጠት በሕክምና መጽሔት የተዘገበው በ1975 ነው። እውነተኛው እብጠት ብዙውን ጊዜ አሥር ዓመትና ከዚያም በላይ ቆይቶ የሚገለጥ ሲሆን፣ በስፌቱ መጋጠሚያ ላይ የሚፈጠረው ሐሰተኛው ግን ስፌት ሲላላ ወይም ቁስል ሲመረቅዝ ቀደም ብሎ ሊመጣ ይችላል።

አሳሳቹ ነገር ዝምታው ነው። በራጅ ላይ ከልብ አጠገብ የታየ ጥላ ዕጢ ነው ተብሎ የታሰበበት ጊዜ አለ። እብጠቱ ከፈነዳ ግን ሞት ቅርብ ነው፤ ባይፈነዳም በውስጡ የረጋው ደም ወደ ታች ተወስዶ የልብን ጡንቻ ያደርቃል።

ቀዳጅ ሐኪሙን ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈራው ደረትን ለሁለተኛ ጊዜ መክፈቱ ነው። እብጠቱ ከደረት አጥንት ጀርባ ተጣብቆ ከሆነ መጋዙ ራሱ ሊቀደው ይችላል። ስለዚህ አጥንቱ ከመነካቱ በፊት በብሽሽት ደም ሥሮች በኩል ታማሚውን ልብንና ሳንባን ከሚተካው መሣሪያ ጋር ማገናኘት ልማድ ሆነ። ከዚያም አሮጌው ቧንቧ ሳይነካካ ይታሰራል፤ ቢጨመቅ ኖሮ ፍርፋሪው ወደ ልብ ይወርዳልና። እብጠቱ ተቆርጦ ይወጣል፤ የሚመግበው ጡንቻ ገና ሕያው ከሆነም አዲስ ማለፊያ ይሰፋለታል። ለቀዶ ሕክምና አቅም ለሌላቸው በኋላ ዘመን በቀጭን ቱቦ የሚገባ ሽፋን ያለው ስቴንት ተገኘ።

የደረት ውስጥ ደም ቅዳ ግን ለእንዲህ ያለው ብልሽት እምብዛም አይጋለጥም። ቫሲሊ ኮሌሶቭ በሌኒንግራድ ይህንኑ ደም ቅዳ ከልብ ጋር የሰፋው በ1964፣ ከፋቫሎሮ ሦስት ዓመት ቀድሞ ነበር።