ስጦታ ወይስ ብድር፤ በደቡብ ኦሞ በዘመዳሞች መካከል ስለሚነሣ የሀብት ክርክር

በዘመድ መካከል የተላለፈ ሀብት ጠብ ባስነሣ ጊዜ ዳኛ በመጀመሪያ የሚመረምረው ነገሩ ስጦታ ነው ወይስ ብድር የሚለውን ነው። ይህ አከፋፈል በጽሑፍ ሕግ ዘንድ የቆየ ነው፤ ፍትሐ ነገሥትም ስጦታንና ብድርን ለየብቻ ይደነግጋል። በኦሞ ወንዝ አገር በሚኖሩት ከብት አርቢዎች ዘንድ ግን ጥያቄው ራሱ ከነገሩ ጠባይ ጋራ አይገጥምም።

ሙርሲዎችን ያጠናው ዴቪድ ተርተን እንደ ገለጸው፣ ለአንዲት ሙሽራ የሚሰጠው ጥሎሽ በደንቡ 38 ከብት ነው። ይህም ለአባትዮው ብቻ የሚገባ ሳይሆን በአባትና በእናት ወገን ላሉት ዘመዶች ይከፋፈላል። ሁሉም በአንድ ቀን አይነዳም፤ የቀረው በየጊዜው ይጠየቃል። ሙሽራዪቱ ወልዳ ሴት ልጅዋን በምትድርበትም ጊዜ የእናትዮዋ ወገኖች ድርሻቸውን ይሻሉ። እንግዲህ በዚህ መንገድ የተነዳች አንዲት ላም ምን ትባል? ተመላሽ አይደለችምና ብድር አይደለችም፤ መብት ሆና ተጠይቃለችና ስጦታም ለመባል ያስቸግራል። በዳሰነቾች ዘንድም ኡሪ አልማጎር በ1978 እ. ኤ. አ. ባሳተመው መጽሐፍ እንዳሳየው፣ ሰውና ሰው በከብት መሰጣጠት ይወዳጃል። የሰጠ ሰው በተቸገረ ጊዜ ወዳጁን ይጠይቃል እንጂ ቀን ቈጥሮ ዕዳ አያስከፍልም። የደጋው ሰው የሚያውቀው ርቢ ከዚህ ይለያል፤ በርቢ የሚወለደው እንዴት እንደሚካፈል አስቀድሞ ይነገራልና።

በ1952 ዓ. ም. የታወጀው፣ ፈረንሳዊው ረኔ ዳቪድ ያረቀቀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቊጥር 3347 እርሱ በሚገዛቸው ጕዳዮች ላይ የነበረውን ልማድ ሻረ። በቊጥር 2472 ደግሞ ከ500 ብር በላይ የሆነ የገንዘብ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በተሰጠ የእምነት ቃል ወይም መሐላ ካልሆነ በቀር እንዳይረጋገጥ ደነገገ። በዚያ ዘመን ጂንካ የገለብና የሐመር ባኮ አውራጃ መቀመጫ ነበረች፤ በዙሪያዋም ያለው አርቢ ውሉን የሚይዘው በወረቀት ሳይሆን በሽማግሌ ትውስታ ነበር።

ከብቱ ከብት ሆኖ እስካለ ድረስ ይህ ብዙ አይጐዳም ይሆናል። ተሸጦ በብር ተለውጦ ለወንድም ልጅ ለንግድ ወይም ለቤት መሥሪያ በተሰጠ ጊዜ ግን ሰጪው ወረቀት ስለሌለው፣ ስለ ላሚቱ የሚመሰክሩለት ሽማግሎች ስለ ገንዘቡ ሊመሰክሩለት አይችሉም። ተቀባዩም «ስጦታ ነው» ብሎ ዝም ማለት ይበቃዋል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ተከራካሪዎቹ ከተስማሙ የግልና የቤተ ሰብ ክርክር በባህል ሕግ እንዲዳኝ በር ከፍቷል፤ ጥሎሽ በዚህ በር ሊገባ ይችላል፣ የገንዘብ ብድር ግን የውል ነገር ነውና አይገባም።

የ500 ብሩ ወሰን ሲጻፍ ብዙ ገንዘብ ነበር። ዛሬ አንዲት ፍየል እንኳ ከዚያ በላይ ታወጣለች። ስለዚህ ለታላላቅ ብድሮች ታስቦ የተደነገገው የጽሑፍ ግዴታ በትንሹም መሰጣጠት ላይ ወርዷል፤ ወረቀት ለሌለው አርቢም የቀረው ባላጋራውን በዳኛ ፊት ማስማል ብቻ ነው።