ነጋሪት የሌለው ነጋዴ

«ነጋሪት» የሚለው ስም የተገኘው «ነገረ» ከሚለው የግእዝ ግስ ነው። በቆዳው ወይም በድምፁ አልተጠራም፤ በሥራው ተጠራ። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ደርሶ በቤተ መንግሥቱ አካባቢ በቆየበት ጊዜ ይህንኑ አስተውሎ ጽፏል፤ አዋጅ ሁሉ በነጋሪት ድምፅ እንደሚነገር፣ የአገረ ገዢ ነጋሪት ቃሉን በግዛቱ ወሰን ውስጥ ሕግ እንደሚያደርገው፣ የንጉሡ ነጋሪት ግን ለአገሩ ሁሉ እንደሚሠራ። በዛሬ ቋንቋ እንናገረው ብንል፣ ብሩስ የስርጭት ክልልን ነበር የጻፈልን።

የአዋጁ አሠራር ለሚያጤነው ሰው እጅግ ብልሃት ያለበት ነው። ነጋሪቱ የሚጎሰመው ሕዝብ በሚገኝበት አደባባይና በገበያ ቀን ነበር። የደምቢያው ጤፍ፣ የወገራው ገብስ፣ የቆላው ጥጥ ከነባለቤቱ ገበያ ላይ ስለሚገኝ፣ በአንድ ቀን የተነገረ ቃል ሳምንት ሳይሞላ ደጋውንም ቆላውንም ያዳርስ ነበር። አዋጅ ነጋሪው «ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ሲል አድማጩን ሁሉ ያለ ደመወዝ መልእክተኛ ያደርገዋል። ከዚያ በኋላ የሚናገረው አጭር ነው፤ ያዘዘው ማን እንደሆነ፣ የታዘዘው ምን እንደሆነ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሚጸና፣ እምቢ ያለ ምን እንደሚያገኘው። ቅጽል አይበዛበትም። ንጉሥን የሚያሞግስ ሌላ ሰው ስላለ አዋጁ በውዳሴ አይደክምም።

ነጋዴው ግን ነጋሪት አልነበረውም። አዋጅ ሲነገር ይሰማል እንጂ አያስነግርም። እ.ኤ.አ. በ1668 በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን ጎንደር ላይ የተቀመጠው ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲኖሩ ወሰነ። የከተማይቱ የሩቅ ንግድ በአብዛኛው በእነዚሁ ሙስሊም ነጋዴዎች እጅ ነበር። ከቀሃ ወንዝ አጠገብ ሰፈሩ፤ ጎንደርን ከምጽዋና ከሱዳን የሚያገናኛት የእነርሱ ግመልና በቅሎ ሆኖ ሳለ፣ ስለ ራሳቸው የሚናገሩበት አደባባይ አልነበራቸውም። ከ180 ዓመታት በላይ ቆይቶ ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ በየካቲት 1847 ዓ.ም. በሰሜን ደጋ፣ በደረስጌ ማርያም፣ ቴዎድሮስ ተብሎ ሲነግሥ ካስነገራቸው አዋጆች አንዱ ገበሬው ወደ እርሻው፣ ነጋዴው ወደ ንግዱ፣ ሁሉም ወደ አባቱ ሥራ እንዲመለስ የሚያዝ ነበር። መልካም አዋጅ ነው፤ ለነጋዴ ከመንገድ ሰላም የሚበልጥ ማስታወቂያ የለም። ቢሆንም እዚህም ላይ ነጋዴው የሚነገርለት እንጂ የሚናገር አይደለም።

ታዲያ ዕቃው መምጣቱን በምን ያሳውቅ ነበር? በደላላ፣ በሲራራ ነጋዴ ወሬ፣ እጁ ለተፈታ ደግሞ በአዝማሪ። ከጎንደር አቅራቢያ ያለችው ቡርቧክስ በአዝማሪዎቿ የታወቀች መንደር ናት። አዝማሪ ማሲንቆውን ይዞ በጠላ ቤትና በሠርግ ቤት ከፋዩን ያወድሳል፤ ሽልማቱ ሲያንስበትም በሰምና ወርቅ ይወጋዋል። በዚህ ውስጥ የተደበቀ ነገር የለም፤ ብሩ ግንባሩ ላይ ሲለጠፍ ቤቱ ሙሉ ሰው ያየዋል። አድማጩ ይስቃል፣ ይደሰታል። በአዝማሪ ውዳሴ ተማምኖ በቅሎ የገዛ ጎንደሬ ግን እስከ ዛሬ አልሰማሁም።

እኔ እንደሚመስለኝ ጋዜጣዊ መግለጫ የሚባለው ጽሑፍ የተወለደው በእነዚህ ሁለት ድምፆች መካከል ነው፤ የነጋዴ ቃል ሆኖ ሳለ በአዋጅ አንደበት ሊናገር ይሻል። ታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ከአሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1906 አትላንቲክ ሲቲ አጠገብ የፔንስልቬንያ የምድር ባቡር ኩባንያ ባቡር ከድልድይ ላይ ወደ ውኃ ወድቆ ከ50 በላይ ሰዎች ሞቱ። በዚያ ዘመን ኩባንያዎች አደጋን መደበቅ ልማዳቸው ነበር፤ የኩባንያው አማካሪ አይቪ ሊ ግን የሆነውን ጽፎ ለጋዜጦች አደለ። ኒው ዮርክ ታይምስም የተጻፈውን እንዳለ አተመው። ሊ በዚያው ዓመት ለአዘጋጆች ባሰራጨው የመርሕ ጽሑፍ፣ ሥራው በግልጽ የሚካሄድ መሆኑንና የማስታወቂያ ድርጅት አለመሆኑን ገልጾ፣ የላከላቸው ጽሑፍ ለማስታወቂያ ክፍል የሚገባ መስሎ ከታያቸው እንዳይጠቀሙበት ነግሯቸዋል። በእኛ አገር አነጋገር፣ አዝማሪ ከመሰልኳችሁ አታስገቡኝ ማለቱ ነው።

ይኸው ሰው ግን እ.ኤ.አ. በ1914 ከዚያ መርሕ ወረደ። በኮሎራዶ፣ ሉድሎ በተባለ ስፍራ፣ የማዕድን ሠራተኞች አድማ በጥይትና በእሳት ሲበተን ሴቶችና ሕፃናት አለቁ። ሊ ለማዕድኑ ባለቤቶች ለሮክፌለር ቤተሰብ ያሰራጫቸው መግለጫዎች የአድማውን መሪዎች ክፍያ አጋንነው የሚናገሩ ሆነው ተገኙ፤ ሲጠየቅም ኩባንያው የሰጠውን ሳያጣራ ማሰራጨቱን አመነ። አይቪ የሐረግ ስም ነውና ደራሲው አፕተን ሲንክሌር በመርዘኛው ሐረግ ስም ጠራው፤ ቅጽል ስሙም እስከ መቃብር ተከተለው።

በእኛ አገር ደግሞ ነጋሪቱ ወደ ወረቀት ገባ። በ20ኛው መቶ ዘመን መባቻ አዲስ አበባ ላይ «አእምሮ» ጋዜጣ መጀመሪያ በእጅ እየተጻፈ በጥቂት ቅጂ ወጣ፤ በ1917 ዓ.ም. «ብርሃንና ሰላም»፣ በ1933 ዓ.ም. «አዲስ ዘመን» ተከተሉት። በ1934 ዓ.ም. ሕግ የሚታወጅበት ጋዜጣ ሲቋቋም «ነጋሪት ጋዜጣ» ተባለ። ቆዳው ቀረና ስሙ ተረፈ። በኢንተርኔት ለሚነግድ ሰው የሚያገለግለው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 የታወጀው በዚያው የከበሮ ስም በሚጠራ ጋዜጣ ላይ ነው። ከእርሱ በፊት የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ደግሞ ማስታወቂያ ከዜናና ከሌላ ዝግጅት ተለይቶ እንዲታወቅ ያዛል፤ አዝማሪውና አዋጅ ነጋሪው እንዳይምታቱብን ማለት ነው። ጋዜጣዊ መግለጫ ግን በዚህ አጥር ሥር የሚሾልክበት ቀዳዳ አለው። ጊዜ ያጠረው ጋዜጠኛ የተላከለትን እንዳለ ካነበበው፣ የተከፈለበት ውዳሴ ዜና ሆኖ ያድራል፤ ግንባር ላይ የሚለጠፈውንም ብር የሚያይ የለም።

ሌላው ዓለም ስርጭቱን ራሱ ንግድ አድርጎታል። እ.ኤ.አ. በ1954 ኒው ዮርክ ላይ ፒአር ኒውስዋየር፣ በ1961 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ቢዝነስ ዋየር ተቋቁመው መግለጫን በክፍያ ለዜና ክፍሎች ያደርሱ ጀመር። ኢንተርኔት ሲመጣ መግለጫው ጋዜጠኛውን አልፎ ገዢው ፊት ቆመ። ብዙዎችም የሚጽፉት ለጉግል እንጂ ለሰው መሆኑ ቀረ፤ በየመስመሩ ወደ ሱቃቸው የሚወስድ ማያያዣ ይሰገስጉ ነበር። ጉግል በ2013 እንዲህ ያሉ ማያያዣዎች ደረጃ ከፍ እንዳያደርጉ የሚል መመሪያ ሲያወጣ የብልሃቱ ዋጋ ወደቀ። እኛ ዘንድ ኢንተርኔት የገባው በ1989 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ ኢትዮጊፍትን የመሰሉ ድረ ገጾች ተከፍተው ባሕር ማዶ ያለ ሰው ለዘመዶቹ የበዓል በግ የሚልክበት መንገድ ተገኘ። ውቅያኖስ ማዶ ተቀምጦ ለእናት በግ ማድረስ! ይህን ዜና ለማድረግ ቅጽል ምን ያደርጋል?

ቅጽል ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ባንክ ውስጥ በመስኮቴ ከማስተናግዳቸው ደንበኞች አንዲት ወጣት ጥልፍ የአገር ልብስ በቴሌግራም ትሸጣለች። ለ2015 ዓ.ም. ጥምቀት ገንዘብ ከፍላ ያስጻፈችውን መግለጫ ከመላኳ በፊት አምጥታ አሳየችኝ። «በዓይነቱ ልዩ»፣ «ተወዳዳሪ የማይገኝለት»፣ «የዘመኑ ምርጫ» ይላል፤ ስሟ፣ አድራሻዋና የልብሱ ዋጋ ግን የሉበትም።

«እህቴ፣ ይህ አዝማሪ ነው፤ አዋጅ አድርጊው» አልኳት።

«ያለ ውዳሴ ማን ዞር ብሎ ያየኛል፣ ወንድሜ?» አለችኝ። ጥያቄዋ ተገቢ ነው። ነጋሪት የሌለው ሰው ድምፁን ከፍ ቢያደርግ አይፈረድበትም። ይሁንና ጥምቀት ራሱ ነጋሪት ነው፤ በዩኔስኮ መዝገብ በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. የሰፈረ፣ እንግዳው ከየአቅጣጫው ጎንደር የሚተምበት በዓል። ስለዚህ ጽሑፉን ወደ ሰባት መስመር አወረድነው፤ ማን እንደምትሸጥ፣ ምን እንደሆነ፣ ዋጋው ስንት እንደሆነ፣ እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ ያዘዘ ብቻ ልብሱ ለጥር 11 እንደሚደርስለት፣ ካልደረሰ ቀብዱ እንደሚመለስ። ከላከችላቸው መካከል አብዛኞቹ መልስ አልሰጧትም። አንድ የሬዲዮ ጣቢያ ብቻ በእርዳታ ጥሪና በጠፋ ሰነድ ማስታወቂያ መካከል በሁለት ዓረፍተ ነገር አነበበው። ከዳባትና ከደባርቅ የደወሉላት ሰዎች ዋጋውን አስቀድመው ስላወቁ ክርክሩ አጭር ነበር። ቁጥራቸውን በደብተር መዘገበች፤ ይህንን ማንም አልመከራትም።

በዚያው ዓመት ከሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ፣ በአማራ ክልል ግጭቱ ሲበረታ፣ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘጋ። በቴሌግራም የሚነግድ ሰው ሱቁ በአንድ ሌሊት ጠፋ ማለት ነው፤ ከየጠረጴዛችን ሆነን የተንቀሳቃሹን ሒሳብ መቀዝቀዝ እናይ ነበር። ወጣቲቱ ስልክ በሚሠራባቸው ቀናት በደብተሩ ላይ ላሉት ደንበኞች ተራ በተራ ደወለች። የሚቀጥለው ጥምቀት ሲቃረብም ሰባቱን መስመር በእጇ ገልብጣ ቅዳሜ ገበያ ወረደች፤ ከየገጠሩ ለሚመጡ የሸማ ነጋዴዎች አንዳንድ ወረቀት ሰጠቻቸው። ከግርጌው የጨመረችው የስልክ ቁጥሯን ብቻ ነው።