የአማርኛ መጽሐፍ በዓይነ ስውር ተማሪ ጆሮ

በወልቂጤ አቅራቢያ አታት ላይ ሆስፒታል የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። ትራኮማን የመሰለውን ደዌ መከላከል የሐኪም ተግባር ነው፤ ብርሃኑን ላጣው ተማሪ መጽሐፍ ማድረስ ግን የመምህሩ፣ የአታሚውና የቤተ መጻሕፍት ባለሙያው ነው።

ለዚህ አስቀድሞ ያገለገለው ብሬል ነው። በአማርኛ ብሬል ተነባቢውና አናባቢው ተለያይተው ስለሚጻፉ አንዱ ፊደል አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ቦታ ይይዛል፤ መጽሐፉም ይገዝፋል። በርካታ ጥራዝ የሆነውን የመማሪያ መጽሐፍ ወደ ገጠር ማጓጓዝ ምን ያህል እንደሚከብድ መገመት አያዳግትም።

ኮምፒዩተር ሸክሙን የሚያቀልል መሣሪያ ሆኖ ታየ። ይሁን እንጂ ከቀድሞዎቹ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች ብዙዎቹ ፊደላችንን በላቲን ፊደላት ቁጥር ላይ የደረቡ ነበሩ፤ ለዓይን «ሀ» የሆነው ለማሽኑ ሌላ ምልክት ነው። በመሆኑም ጽሑፉን በድምፅ የሚያነበው ፕሮግራም ትርጉም የለሽ ነገር ከማነብነብ በቀር አማራጭ አልነበረውም። መሠረቱ የተጣለው እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር ሲሰጥ ነው።

የባለመብቱን ፈቃድ ሳይጠብቁ ለዓይነ ስውራን ቅጂ ማዘጋጀትን የሚፈቅደው የማራካሽ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2013 ጸደቀ፤ ኢትዮጵያም በ2020 ተቀበለችው። ሆኖም ገጹ በፎቶግራፍ ብቻ ተነሥቶ የተቀመጠ መጽሐፍ ለማሽኑ ሥዕል እንጂ ጽሑፍ አይደለም። የአታቱ ተማሪ እንዲሰማው መጽሐፉን እንደገና በፊደል መጻፍ፣ ወይም አታሚው የመጀመሪያውን ጽሑፍ መስጠቱ ይረዳል።