ሦስት ወር የማይሞላው ሰላም፦ የኮሶ ታሪክ

«ኮሶ አለበት» ሲባል ትሉ ነው። «ኮሶ ጠጣ» ሲባል መድኃኒቱ ነው። በሽታና መድኃኒት በአንድ ስም የሚጠሩት ለምን ይሆን?

መርካቶ የባሕል መድኃኒት ሻጮች ዘንድ ጎራ ካላችሁ ቀላ ያለውን ደረቅ አበባ ታገኙታላችሁ። መርካቶ የተቆረቆረችው በጣልያን ወረራ ጊዜ (1928–1933 ዓ.ም.) ገበያው ከአራዳ ወደ አዲስ ከተማ ሲዛወር ነው። ኮሶ ግን ከገበያዋም ከከተማዋም ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ስለ ዛፉ ጽፏል፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ አበባው የአውሮፓ ፋርማሲዎች ደረሰ። ሳይንሳዊ ስሙ ሀገኒያ አቢሲኒካ ነው። «ሀገኒያ» የተባለው ለካርል ሀገን፣ ለአንድ ጀርመናዊ መድኃኒት ቀማሚ መታሰቢያ ነው። ሲጠጡ የኖሩት አያቶቻችን የደረሳቸው «አቢሲኒካ» የምትለዋ ቃል ብቻ ናት።

ትሉ እንደ አሜባ ባለ አንድ ህዋስ አይደለም፤ ባለብዙ ህዋስ እንስሳ ነው። ከጥሬ ሥጋ ጋር ይገባል፣ በራሱ አንጀት ላይ ይጣበቃል፣ ብዙ ሜትር ይረዝማል። አፍም አንጀትም የለውም፤ ምግቡን በቆዳው ይመጣል። ከአንገቱ እየበቀሉ የሚቀጣጠሉት ክፍሎች ሲበስሉ በእንቁላል ተሞልተው ይወጣሉ። ዋናው ችግር እዚህ ላይ ነው፦ ኮሶ ረጅሙን ሰውነት ቢያስወጣም ራስና አንገቱ ከቀሩ ትሉ እንደገና ያድጋል። ለዚያም ከሁለት እስከ ሦስት ወር ይበቃዋል።

አሁን ተጓዦች የጻፉትን አስቡት፦ ሰው ኮሶ የሚጠጣው በየወሩ ወይም በየሁለት ወሩ ነበር። ማይክሮስኮፕ የሌለው ቤተሰብ ቀኑን የቆጠረው በትሉ ዕድገት ልክ ነው ማለት ይቻላል። ቁርጡ እስካልቀረ ድረስ ደግሞ አዲስ ትልም ይገባል። ስለዚህ ኮሶ የአንድ ጊዜ ፈውስ ሳይሆን ከትሉ ጋር በየጊዜው የሚታደስ ድርድር ነበር።

ድርድሩ ዋጋ ያስከፍል ነበር። መጠኑ ሲበዛ ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላል፤ ለነፍሰ ጡር ደግሞ እጅግ አደገኛ ነው። ዛሬ ፋርማሲ ውስጥ ያለው ክኒን ትሉን ከነራሱ ይጨርሰዋል። ስለዚህ መርካቶ አበባውን ስታዩ አክብሩት እንጂ አትጠጡት። የአያቶቻችን ዕውቀት ምሬቱ ላይ ብቻ አልነበረም፤ የማያዩትን እንስሳ ጠባይ ከራሳቸው ሆድ ማጥናታቸው ላይም ነበር።