አንድ መጽሐፍ፣ ሁለት ጆሮ

ማለዳ 12 ሰዓት ሲሆን ሦስት ሆነን ከቤት እንወጣለን፤ አባቴ፣ እኔና ውሻችን ቡቺ። አባቴ የሚራመዱት በሐኪም ትእዛዝ ነው፤ እኔ በአባቴ ትእዛዝ፤ ቡቺ ግን ማንም ሳያዘው። መንገዳችን ከግቢያችን በር ተነሥቶ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ዋርካ ደርሶ የሚመለስ አጭር መንገድ ነው።

አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ መጽሐፍ ከእጃቸው የማይለይ ሰው ነበሩ። ግላኮማ ዓይናቸውን ከጋረደው ወዲህ ግን ፊደሉ ጠፋባቸው። ስለዚህ በድምፅ የተተረኩ ልብ ወለዶች የተጫኑበት ስልክ ከነጆሮ ማዳመጫው ገዝቼ ሰጠኋቸው፤ የልጅነት ዕዳዬንም የከፈልሁ መሰለኝ። ከዚያ በኋላ እሳቸው በስልካቸው፣ እኔም በስልኬ፣ የየራሳችንን መጽሐፍ እያዳመጥን አብረን መሄድ ጀመርን።

አንድ ቀን ጥቂት እርምጃ ቀድሜ ስሄድ ቡቺ ከኋላ ሮጦ መጣና ከፊቴ ተጋረጠ። አፉ ሲከፈትና ሲዘጋ አያለሁ፤ ጩኸቱን ግን አልሰማም። ማዳመጫውን ከጆሮዬ ነቅዬ ዞር ስል፣ አባቴ ምርኩዛቸው ወድቆባቸው፣ አንድ እጃቸውን ወደ ፊት ዘርግተው፣ ካልተከደነው ቦይ አፋፍ ላይ ቆመዋል። ሮጬ ያዝኋቸው። "ሦስት ጊዜ ጠራሁህ" አሉኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም።

ከዚያን ቀን ወዲህ አንድ ጥያቄ አልለቀቀኝም። ንባብ ሰውን አጠገቡ ካለው ሰው የሚለይ ነገር የሆነው ከመቼ ጀምሮ ነው?

በመጀመሪያ ቋንቋችን ራሱ የሚሰጠው መልስ አለ። በግዕዝ "ነበበ" ማለት ተናገረ ማለት ነው። "አንበበ" የወጣው ከዚሁ ግሥ ነው፤ የአማርኛችን "አነበበ"ም የዚያው ዘር ነው። እንግዲህ ማንበብ ከሥሩ ሲፈታ ጽሑፉን ማናገር ማለት ይሆናል።

ይህ የእኛ ብቻ አልነበረም። በ4ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ አውግስጢኖስ ወደ ሚላኖ ሄዶ ጳጳሱን አምብሮስዮስን ሲያነብ አየው። የጳጳሱ ዓይን በገጹ ላይ ይሄዳል፤ ምላሱ ግን ዝም ብሏል። አውግስጢኖስ ይህን በ"ኑዛዜ" መጽሐፉ መዝግቦ ምክንያቱን ሲመረምር እናገኘዋለን፤ ምናልባት ድምፁን ለመቆጠብ ይሆናል፣ ምናልባትም አጠገቡ ያለው ሰው እየጠየቀ እንዳያቋርጠው ይሆናል ይላል። ዝም ብሎ ማንበብ በዚያ ዘመን ጨርሶ አይታወቅም ነበር ማለት አይደለም። ሆኖም ብልህ ሰው ቆሞ ምክንያት የሚፈልግለት ነገር ነበር።

የቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት ቤትም የታነጸው በድምፅ ላይ ነው። ተማሪው ፊደል ከቆጠረ በኋላ ወደ ንባብ ይሻገራል፤ ንባቡም ግዕዝ፣ ውርድ ንባብ፣ ቁም ንባብ እየተባለ በደረጃ በደረጃ ይሄዳል። ከዚያም ዳዊት ይደገማል። ሁሉም ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያነብ ለእንግዳ ሰው ጫጫታ ይመስላል፤ መምህሩ ግን ከመካከሉ የአንዱን ልጅ ስሕተት ለይተው ያርማሉ። ዝም ብሎ የሚሳሳትን ማን ያርመዋል?

የቆሎ ተማሪውም ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ የተማረውን ቃል እየወጣ በእግሩ ከደብር ደብር ይዞር ነበር። በእጁ ዱላ የማይጠፋው የየደጁ ውሻ ጠላቱ ስለሆነ ነው። "በእንተ ስማ ለማርያም" ብሎ ሲለምን ውሻው ይጮኻል፤ በውሻው ጩኸት የቤቱ እመቤት ትወጣለች፤ ተማሪውም ቁራሹን ይቀበላል። በዚያ ዘመን መማር፣ መራመድና ከሰው ደጅ መድረስ አንድ መንገድ ነበሩ።

ማተሚያ ቤት ሲመጣም ነገሩ ወዲያው አልተለወጠም። የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ "ልብ ወለድ ታሪክ" በ1900 ዓ.ም. በሮም ታትሟል፤ "ብርሃንና ሰላም" ጋዜጣም በ1917 ዓ.ም. መውጣት ጀምሯል። ይሁን እንጂ አንባቢው ጥቂት ስለነበረ አንድ ፊደል የቆጠረ ሰው ለቤቱና ለጎረቤቱ ሁሉ ያነብ ነበር። ከሩቅ የመጣ ደብዳቤም ቢሆን ምሥጢሩ በአንባቢው አፍ አልፎ ነው ለባለቤቱ የሚደርሰው።

አሁን ወደ 1971 ዓ.ም. ክረምት ልውሰዳችሁ። በዚያ ዓመት ሰኔ 24 ቀን፣ እ.ኤ.አ. ጁላይ 1 ቀን 1979 ማለት ነው፣ ሶኒ ኩባንያ በጃፓን "ዎክማን" የተባለውን በኪስ የሚያዝ የካሴት ማጫወቻ ለገበያ አቀረበ። በሐምሌ ወር ደግሞ በኢትዮጵያ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። በአንድ ክረምት፣ በወዲያኛው ምድር ሰው ለብቻው የሚያዳምጥበት መሣሪያ ሲወጣ፣ በእኛ ምድር ጎልማሶች ጥቁር ሰሌዳ ፊት ተሰብስበው በአንድ ድምፅ "ሀ፣ ሁ" ይሉ ጀመር። ዘመቻው እየሰፋ ሄዶ በ15 ቋንቋዎች ተሰጥቷል። አያቴ ከተማሪዎቹ አንዷ ነበሩ፤ አባቴ ደግሞ ከአስተማሪዎቹ። አያቴ እስከ ዕለተ ሞታቸው በጣታቸው እየተከተሉ፣ ድምፃቸውን እያሰሙ እንጂ ዝም ብለው አንብበው አያውቁም።

ስለ ዎክማኑ ግን የሚገርም ነገር አለ። የመጀመሪያው ሞዴል የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያው ሁለት ነበር። የኩባንያው መሪ አኪዮ ሞሪታ መሣሪያውን ቤቱ ወስዶ ሲሞክር ሚስቱ ተገልላ ቅር እንዳላት አስተዋለ፤ ሰው ለብቻው ሙዚቃ መስማቱ ነውር እንዳይሆንም ሠጋ። ስለዚህ ሁለት ሰዎች አብረው እንዲሰሙበት፣ ቁልፍ ተጭነውም የሙዚቃውን ድምፅ ዝቅ አድርገው እንዲነጋገሩበት ሆኖ ተሠራ። ውሎ አድሮ ግን ሰው ሁሉ የየራሱን መግዛት ስለ መረጠ ሁለተኛው መሰኪያ ተረሳ።

በእኛ ቤት በዚያው ዘመን የነበረው መሣሪያ አንዲት ትራንዚስተር ሬድዮ ነበረች፤ ድንጋይዋ ሲደክም ፀሐይ ላይ እናሰጣው ነበር። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ "ፍቅር እስከ መቃብር" በተዋናዩ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በኢትዮጵያ ሬድዮ ሲተረክ ጎረቤቱ ሁሉ እኛ ቤት ይሰበሰባል። መጽሐፉን ማንበብ የማይችሉ ሰዎች ስለ በዛብህና ስለ ሰብለ ወንጌል እንደ ዘመድ ሲጨነቁ አይቻለሁ። አያቴማ "ተው አንተ ሰው!" እያሉ ለፊታውራሪ መሸሻ ይመልሱላቸው ነበር። ያ ሁሉ ሰው አንድ ድምፅ ይሰማ ነበር፤ እርስ በርሱም ይሰማማ ነበር።

ይህን ሁሉ ካሰላሰልሁ በኋላ አንድ ማታ "አባባ፣ ያ ስልክ እንዴት ነው?" አልኋቸው።

"መልካም ነው" አሉኝ። "ግን አንቀላፍቼም ብቻውን ሲያወራ ያድራል።"

ስልኩን አልነቅፍም፤ ዓይኑን ላጣ ሰው እንዲህ ያለ መሣሪያ ጸጋ ነው፤ እሳቸውም እኔ በሌለሁበት ሰዓት ያዳምጡበታል። ጥፋቱ ድምፁን ከገዛሁላቸው እኔ የቀረሁ የመሰለኝ መሆኑ ነው። ከዚያ ማታ ጀምሮ ግን ከእራት በኋላ "ፍቅር እስከ መቃብር"ን እኔው አነብላቸዋለሁ። እየደጋገሙ ያቋርጡኛል፤ አምብሮስዮስ ሳይሸሸው አልቀረም የተባለውን ጥያቄ ሁሉ ይጠይቁኛል። አንቀላፍተው ሳይ ገጹን አጥፌ እነሣለሁ።

ጠዋት ስንወጣ ጆሯችን ባዶ ነው። እጃቸው በክንዴ ላይ ነው፤ ቡቺ ከፊት ከፊታችን ይሄዳል። ትናንት ዋርካው ጋ ስንደርስ አባቴ ቆሙና "ማታ አንድ ገጽ ዘለልህብኝ" አሉኝ። እንቅልፍ አዳፍቶኝ በእርግጥም ዘልዬ ነበር።