የኪኒን ዛፍና ተንከባካቢዎቹ

ራሱን ያመመው ሰው ከመሥሪያ ቤቱ ሲወጣ ወደ መድኃኒት ቤት ጎራ ይልና «ኪኒን ስጡኝ» ይላል። የሚሰጠው መድኃኒት ለራስ ምታት ይሁን ለሆድ ቁርጠት፣ በእኛ ቋንቋ መጠሪያው ያው ኪኒን ነው። ይህ ስም ግን ከመነሻው የሚዋጥ መድኃኒት ሁሉ መጠሪያ አልነበረም። ከአንድ ዛፍ ቅርፊት የሚወጣ፣ የወባን ንዳድ የሚያበርድ የአንድ መራራ መድኃኒት ስም ነበረ። ዛሬ የምንተርከው የዚህን ዛፍ፣ ይልቁንም ዛፉን ተንከባክቦ ለማሳደግ የደከሙትን ሰዎች ታሪክ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ዛፉ ሲንኮና ይባላል። የትውልድ አገሩ ደቡብ አሜሪካ ሲሆን፣ ከኮሎምቢያ እስከ ቦሊቪያ በተዘረጋው በአንዲስ ተራራ ምሥራቃዊ ገጽ፣ ጉምና ዝናብ በማይለየው ጥቅጥቅ ያለ ደን ውስጥ ይበቅላል። ቅጠሉ ዓመቱን ሙሉ ለምለም፣ የአበባው መዓዛ ያማረ ነው፤ ቅርፊቱ ግን እንደ ሬት ይመራል። የመድኃኒትነቱም ኃይል ያለው በዚሁ በሚመረው ቅርፊት ውስጥ ነው።

ቅርፊቱን በ17ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ከፔሩ ወደ ሮማ አምጥተው ያስተዋወቁት የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህናት ናቸው። ስለዚህም «የኢየሱሳውያን ዱቄት» ተባለ፤ ከሮማ ቤተ ክርስቲያን የተለዩት ፕሮቴስታንቶችም ስለ ስሙ ብቻ ጠሉት። ሮበርት ታልቦር የተባለ እንግሊዛዊ ግን ይህን ጥላቻ ዐውቆ፣ ዱቄቱን ስሙን ሳይገልጽ በወይን ጠጅ በጥብጦ ንጉሥ ቻርልስ 2ኛን ከንዳድ አዳነ። የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 14ኛም ምሥጢሩን በገንዘብ ገዛ። ታልቦር ከሞተ በኋላ በ1682 ምሥጢሩ ታትሞ ሲወጣ፣ መድኃኒቱ ያው የተጠላው ቅርፊት ሆኖ ተገኘ። በአገራችን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ ይህ ሰው ደግሞ መድኃኒቱን ደብቆ ከበረበት።

በ1820 ፔልቲዬና ካቫንቱ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን የመድኃኒት ቀማሚዎች ፈዋሹን ነገር ከቅርፊቱ ለይተው አወጡና ኪኒን አሉት። ከዚያ ወዲህ ፈላጊው በዛ። በእስያና በአፍሪካ ቅኝ ግዛት የሚይዙ መንግሥታት ሠራዊታቸው በወባ እንዳያልቅባቸው የግድ ያስፈልጋቸው ነበር፤ ስለዚህ ይህ መድኃኒት በሽተኛውን እንደ ፈወሰ ሁሉ፣ ለወራሪው መንገድ መክፈቱም የማይካድ ነው። ቅርፊት ለቃሚዎቹ ዛፉን ቆርጠው ይጥሉና ልጠው ይሄዱ ነበር። በቆረጡት ፈንታ የሚተክል ስለሌለ ደኑ እየሳሳ ሄደ። የአንዲስ አገሮችም ሀብታቸው እንዳይወሰድባቸው ዘሩና ችግኙ ከአገር እንዳይወጣ ከለከሉ።

እንግዲህ አውሮፓውያን ዛፉን ወስደው በቅኝ ግዛቶቻቸው ለመትከል ተነሡ። ሆላንዶች በ1854 ችግኝ ወደ ጃቫ ደሴት አደረሱ። ነገር ግን ሲንኮና በመልክ የሚመሳሰሉ፣ በመድኃኒትነት ግን እጅግ የሚለያዩ ብዙ ዓይነቶች አሉት። የጃቫው ተክል ኃላፊ ዩንግሁን በጥላ ሥር ኮትኩቶ ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጥ ዛፍ አሳደገ፤ ቅርፊቱ ሲመረመር ግን የአብዛኛው ኪኒን ከምንም የማይቆጠር ሆነ። እንግሊዞችም በበኩላቸው በ1860 ሪቻርድ ስፕሩስ ከኤኳዶር የሰበሰበውን ቀይ ቅርፊት ያለውን ዓይነት በሕንድ በኒልጊሪ ተራሮች ተከሉ። ያም ዛፍ ጠንካራና ቶሎ የሚያድግ ቢሆንም ኪኒኑ ጥቂት ነበረ። በዚያ የነበረው አትክልተኛ ማክአይቨር ግን አንድ ጠቃሚ ዘዴ አገኘ፤ ይኸውም ቅርፊቱን ዙሪያውን ሳይሆን በቀጭን በቀጭኑ ልጦ፣ የተላጠውን ቦታ በእርጥብ ሳረንስት መሸፈን ነው። እንዲህ ሲደረግ ዛፉ ሳይቆረጥ ሌላ ቅርፊት ያወጣል።

የጎደለው ዕውቀት የተገኘው ከዚያው ከአንዲስ ሰው ነው። ማኑኤል ኢንክራ ማማኒ የተባለ የቦሊቪያ ተወላጅ፣ የቻርልስ ሌጀር አሽከር ነበረ። ሌጀር በደቡብ አሜሪካ የሚኖር እንግሊዛዊ ነጋዴ ነው። ማማኒ በልጅነቱ በደኑ ውስጥ ያደገ በመሆኑ፣ የትኛው ዛፍ እውነተኛ ፈዋሽ እንደ ሆነ በቅጠሉ መልክ ይለይ ነበር። ጌታው ዘር እንዲያመጣለት ላከው። ውርጭ አበባውን ዓመት ከዓመት ስላጠፋበት፣ ፍሬው እስኪያምር ብዙ ጊዜ ታገሠ፤ በመጨረሻም በ1865 መልካሙን ዘር ይዞ ረጅሙን መንገድ ተጉዞ ለሌጀር አስረከበ። ዳግመኛ ለመልቀም በሄደ ጊዜ ግን በቦሊቪያ ተይዞ ታሠረ፤ ተደበደበም፤ በዚሁም ምክንያት በ1871 ሞተ። ዛፉ ዛሬ በሳይንስ ቋንቋ የሚጠራው በሌጀር ስም ነው፤ የማማኒን ስም የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው።

ዘሩ ለንደን ሲደርስ የእንግሊዝ መንግሥት ሹማምንት አንቀበልም አሉ። ሆላንዶች ግን በዩንግሁን ተክል ተቀጥተው ነበርና፣ አንድ ፓውንድ ያህሉን በጥቂት ገንዘብ ገዝተው ወደ ጃቫ ላኩት። በ1872 ቅርፊቱ ሲመረመር፣ ሌሎች ዓይነቶች ከጥቂት በመቶ በማያልፉበት፣ ይህኛው እስከ 13 በመቶ ኪኒን ተገኘበት። የዓለምን የኪኒን ንግድ ከአንዱ መንግሥት እጅ ወደ ሌላው ያዞረው በአንድ ከረጢት የሚያዝ ዘር ነው።

ዘሩ መገኘቱ ግን ብቻውን በቂ አልነበረም። የሲንኮና ዘር እንደ ብናኝ ደቃቅ ነው፤ በአንድ ግራም ውስጥ በሺህ የሚቆጠር ፍሬ አለ። ስለዚህ እንደ እህል አይቀበርም፤ በላመ መደብ ላይ ተነስንሶ፣ ከኃይለኛ ፀሐይና ዝናብ በዳስ ተጠልሎ፣ በቀስታ ይጠጣል። ችግኙ ውርጭም ሆነ ሥሩ ላይ የሚተኛ ውሃ ይገድለዋል፤ ውሃ የማይቋጥር ተዳፋት መሬት፣ ዓመቱን ሙሉ የማይቋረጥ ዝናብም ይፈልጋል። ልዩ ልዩ ዓይነቶች ጎን ለጎን ከተተከሉ ነፍሳት ያዳቅሏቸዋልና ዘሩ ይበላሻል፤ በዚህ ምክንያት የጃቫ ተካዮች መልካሙን ዘር ከሌላው አርቀው ለብቻው አኖሩት። ደግሞም ይህ ዛፍ በየመሬቱ የማይጠና ደካማ ስለ ሆነ፣ ቀንበጡን በጠንካራው በቀይ ቅርፊቱ ዛፍ ግንድ ላይ አጣበቁት፤ አንዱ ሥሩን፣ ሌላው መድኃኒቱን ሰጠ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተክሉን እያሳሱ ከተነቀለው ቅርፊት ይወስዳሉ፤ የቀረው ሲጎለምስ የሥሩ ቅርፊት ጭምር ስለሚጠቅም ከነሥሩ ይነቀላል፤ በፈንታውም አዲስ ችግኝ ይተከላል።

በዚህ ዓይነት በ1930ዎቹ ዓመታት ከዓለም ኪኒን ከመቶው ዘጠና እጅ የሚበልጠው ከጃቫ ይገኝ ነበር። በ1942 ጃፓን ደሴቲቱን ስትይዝ ግን የተባበሩት መንግሥታት ወታደሮች በወባ አገር ያለ መድኃኒት ቀሩ። አሜሪካም የዕፀዋት ዐዋቂዎችዋን ዛፉን እንዲፈልጉ ወደ አንዲስ ደን ላከች። የዓለምን መድኃኒት በአንድ ደሴት ላይ ማከማቸት ምን ያህል አደገኛ እንደ ሆነ ያን ጊዜ ታወቀ።

ወባ ለእኛም የሩቅ ወሬ አይደለም። በ1958 በአገራችን በተነሣው ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ፣ 150 ሺህ ያህል እንደ ሞተ ይገመታል። ከዚያ ወዲህ ሌሎች መድኃኒቶች ተገኝተዋል። ዛሬ ዋነኛ የሆነው አርቴሚሲኒን፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ በቻይና የተገኘው፣ እርሱም ከአንድ ቅጠል የወጣ ነው። ኪኒን ቀዳሚነቱን ቢለቅም የተክል ዕውቀት ዋጋው አልቀነሰም።

ክቡራን አንባብያን፤ ይህን ሁሉ ያወሳነው የሩቁን አገር ዛፍ ለማድነቅ ብቻ አይደለም። አንዲስ ደኑ እያለው ያጣው የሚተካለት ስለ ጠፋ ነው፤ የለንደን ሹም ዘሩ ከደጁ ደርሶ ሳለ ያጣው ደግሞ መርምሮ ስላላየው ነው። በእኛም ደን፣ በእኛም ባላገር ዘንድ፣ ኮሶውን ከነአጠቃቀሙ የሚያውቅ፣ የቅጠሉን መልክ አይቶ መድኃኒቱን የሚለይ ሰው አለ። እንዲህ ያለው ሰው አንድ ቀን ጉዳዩን ይዞ በመሥሪያ ቤታችሁ በር ቢቆም፣ ከመመለሳችሁ በፊት የማማኒን ከረጢት አስቡ።